መጀመሪያ አስቀምጧቸው፣ ከዚያ ጠይቋቸው

ይድረስ፦ ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለጤና ጣቢያ አስተዳዳሪዎችና በመስኮት ኋላ ተቀምጣችሁ ሕዝብ ለምታገለግሉ ሁሉ

ጉዳዩ፦ አረጋውያን ቆመው ስለሚጠየቁት ጥያቄ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። 31 ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት የጡረታ ገንዘቧን ልታወጣ ሄዳ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ፊት ወደቀች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሠራተኞቹን ለመውቀስ አልጽፍም፤ የቅርንጫፉንም ስም አላነሣም። ከመስኮታቸው ወጥተው ያነሷት እነሱ ናቸው። ጥበቃው እስከ ታክሲው ደግፎ አድርሷታል፤ ከስልኳ ላይ ቁጥሬን ፈልጎ የደወለልኝም እሱ ነው። የምጽፈው የወደቀችበት ምክንያት በየቀኑ በእናንተም መስኮት ፊት ስለሚደገምና በአንድ ወንበር ሊቀር የሚችል ስለሆነ ነው።

ያን ቀን የሆነውን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቆማ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ደብተሯና መታወቂያዋ በአንድ እጇ፣ የሚንሸራተተው ነጠላዋ በሌላው እጇ ነበር። ገንዘብ ከፋዩ ትሑት ልጅ ነው። «እማማ፣ የስልክ ቁጥርዎ ከተመዘገበው ጋር አልተመሳሰለም፤ ድሮ ያስመዘገቡትን ያስታውሱታል?» አላት። ያንን ቁጥር ከተወችው ሁለት ዓመት አልፏል። «ዜሮ ዘጠኝ…» ብላ ጀመረችና ቀጥ አለች። ሰው ሲያስብ እንደሚያደርገው ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሣች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ወለሉን ነው።

ጄሶ ሲደረግላት አጠገቧ ቆሜ «አዳልጦሽ ነው?» አልኳት።

«አላዳለጠኝም» አለችኝ። «ቁጥሩን ስፈልግ እግሬን ረሳሁት።»

ይህን ቃሏን እኔ እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የሰው አቋቋምና አረማመድ ማየት የዕለት ሥራዬ ነው። ግፊቷ ተለካ፣ ስኳሯ ታየ፣ ደህና ነበር። ጎረቤት ጾሙ አድክሟት ነው አለ። አክስቴ ወጌሻ ካላያት ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ጫማዋን፣ ጉልበቷን፣ መነጽሯን ስመረምር ሰነበትኩ። መልሱን ግን እሷው በመጀመሪያው ቀን ነግራኝ ነበር።

ጄሶው ከወጣ በኋላ አንድ እሑድ ሳሎናችን ውስጥ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ጀርባዋን ወደ ጥጉ አድርጌ፣ እግሯን አስገጥሜ አቆምኳት። እኔ ፊት ለፊቷ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ዝም ብላ ስትቆም ደህና ናት። «የልጅ ልጆችሽን ስም ጥሪልኝ» ስላትም ደህና ናት። «ከ100 ጀምረሽ 7፣ 7 እየቀነስሽ ቁጠሪልኝ» አልኳት። «93… 86…» አለች፤ ከ86 በኋላ ትከሻዋ ወደ ግራ ዘመመ፣ እጇ ግድግዳውን ፈለገ። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናትና መልሱ አልጠፋትም፤ «79» ስትል ግን ግድግዳውን ይዛ ነበር።

ቆሞ መቆየትን ከሥራ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። የሰው ሰውነት የክብደት ማዕከል ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ይህን ሁሉ ክብደት ከላይ ይዞ የሚቆመው በሁለት ጠባብ መርገጫዎች ላይ ነው። ቀጥ ብለን የቆምን ሲመስለን እንኳ ያለማቋረጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንወዛወዛለን፤ የባታችን ጡንቻዎች ደግሞ ሳናውቀው እየጎተቱ ይመልሱናል። ወዴት እንዳዘነበልን ለአንጎል የሚነግሩት ሦስት ናቸው፤ ዓይን፣ ውስጠኛው ጆሮና የእግር መርገጫ ከነመገጣጠሚያው። በ19ኛው መቶ ዘመን በርሊን የነበረው ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ ሕመምተኞቹን እግራቸውን አስገጥሞ ዓይናቸውን ያስጨፍን ነበር። ከእግሩ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት የተበላሸበት ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ የእግሩን ጉድለት ሲሸፍንለት ኖሯልና። ይህ ምርመራ ዛሬም በእያንዳንዱ የነርቭ ሐኪም ክፍል ይሠራበታል።

ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም መልእክተኞች ይደክማሉ። የዓይን ሞራ ይመጣል። የውስጠኛው ጆሮ ስሜት ሰጪ ሕዋሳት ይቀንሳሉ። የእግር መርገጫ ስሜት ይደነዝዛል፤ ስኳር ያለባቸው ላይማ በጣም ይብሳል። ያኔ ቀድሞ በራሱ ይሠራ የነበረውን መቆም አንጎል በትኩረት መጠበቅ ይጀምራል። ትኩረት ደግሞ እንደ ግቢያችን ውኃ ነው። በአንድ ቱቦ ላይ ሁለት ቧንቧ ሲከፈት፣ ታች ያለው ሲቀዳ ላይ ያለው ይቀጥናል። እናቴ ያንን የድሮ ቁጥር ስትፈልግ አንዱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ለእግሯ የቀረው ጠብታ ነበር።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ቤት ኬርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ወጣቶችን ዓይናቸውን ሸፍነው አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድመው እንዲቆሙ አደረጓቸው፤ የትኛው ነገር የት ቦታ እንዳለ እንዲያስታውሱም ጠየቋቸው። ወጣቶቹ ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ ቆመው ብዙ ተሳሳቱ፤ አቋቋማቸው ግን አልተናጋም። ጉዳቱ የደረሰው በማስታወሳቸው ላይ ነው። ወደ አረጋውያን ስንመጣ ጉዳቱ ወደ እግር ይወርዳል። ኤሊዛቤት ሜይለርና አላን ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ በዕድሜ በገፉትና ከእነሱ በሚያንሱት መካከል ያለው የአቋቋም ልዩነት አንዳንድ የአእምሮ ሥራዎች ሲጨመሩ ይሰፋል። ልዩነቱን ካሰፉት ሥራዎች አንዱ የሰሙትን የቁጥር ተርታ ከኋላ ወደ ፊት መድገም ነው። ይህን ሳነብ ያ የድሮ ስልክ ቁጥር ትዝ አለኝ።

ከሁሉም ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የስዊድኗ ሊሌሞር ሉንዲን-ኦልሰንና የባልደረቦቿ አጭር ጽሑፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የተመለከቱት ቀላል ነገር ነው፤ በእንክብካቤ መኖሪያ ያሉ 58 አረጋውያን አብሯቸው የሚሄድ ሰው ሲያናግራቸው እርምጃቸውን ይገታሉ ወይስ እየሄዱ ይመልሳሉ? 12ቱ ቆመው መለሱ። በሚቀጥሉት 6 ወራት ከእነዚያ 12 ሰዎች 10ሩ ወደቁ። እየሄዱ ከመለሱት 46 ሰዎች የወደቁት 11 ናቸው። ማሽን የለ፣ ራጅ የለ፤ አንድ ጥያቄና የሚያስተውል ዓይን ብቻ ነበር ያስፈለገው። እናቴም ገበያ ስንሄድ ወሬ ስጀምርላት ቆም ትል ነበር። ወሬው ጥሟት ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይገባ አንድ ነገር ልጨምር። ማሰብ ሁሉ ይጥላል እያልኩ አይደለም። ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ጨዋታ ማዳመጥ፣ አንዳንድ ጊዜ አቋቋምን ያረጋጋል፤ ሰው ስለ እግሩ አብዝቶ ሲጨነቅ ሰውነቱ ይገተራልና። ስለዚህ «እንዳይወድቁ! ይጠንቀቁ!» እያሉ መጮኽ አይጠቅማቸውም። የሚጥለው ሥራው ከባድ ሆኖ ሰውየው ደክሞ ሲቆም፣ የሚነካውም ነገር ሲያጣ ነው። ድምፅ አውጥቶ መናገር ራሱ ድርሻ አለው፤ ስንናገር ትንፋሻችን ይቆራረጣል፣ መንጋጋና ደረት ይንቀሳቀሳል፣ ሰውነትም አብሮ ይወዛወዛል።

እናቴ ለዚህ ሕያው ምስክር ናት። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰዓታት ትቆማለች፤ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ይህን አንድ ዘመዳችን አንሥቶ «ቤተ ክርስቲያን ቆማ የምታስቀድስ ሴት ባንክ ቤት እንዴት ትወድቃለች?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ብዙ አሰብኩበት። የቅዳሴውን ተሰጥዎ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከአፏ የሚወጣው ሳትፈልገው ነው። ጫማዋን አውልቃ መሬቱን በባዶ እግሯ ትረግጣለች። ከሁሉም በላይ መቋሚያ ይዛለች።

ስለ መቋሚያ ትንሽ ልቆይ፤ አባቶቻችን በተግባር የያዙትን ነገር ቤተ ሙከራ ዘግይቶ ደርሶበታልና። ጆን ጄካና ጄምስ ላክነር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን አስቸጋሪ አቋቋም አስቁመው በአንድ ጣታቸው ብቻ የማይንቀሳቀስ ነገር እንዲነኩ አደረጉ። የሚፈቀደው ግፊት ከ100 ግራም ክብደት አይበልጥም፤ ሰውነትን ሊደግፍ የማይችል ንክኪ ነው። መወዛወዛቸው ግን በጉልህ ቀነሰ። ጣት የሚሰጠው ዜና ነው፤ «አሁን ወደ ግራ ዘመምህ» ብሎ ለአንጎል ይነግረዋል። በኋላም ዓይናቸው የሚያይና ዓይነ ስውር ሰዎች በትር ሲይዙ ተጠንቶ፣ በበትሩ ጫፍ መሬትን መንካት ብቻውን እንደሚያረጋጋ ታይቷል። መቋሚያ ብብት ሥር ገብቶ ድካም ይቀንሳል እንላለን፤ እውነት ነው። እንደ አራተኛ መልእክተኛ ሆኖ መሬቱ የት እንዳለ ለእጅ የሚያወራ መሆኑ ግን አይነገርለትም። እናቴ ባንክ ስትሄድ ከዘራ አልያዘችም፤ «አሮጊት ነሽ እንዳይሉኝ» ብላ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለምናችሁ ነገር ብዙ ወጪ የለውም።

በመስኮታችሁ ፊት ወንበር አድርጉ። በጥግ ወረፋ መጠበቂያ የተደረደረውን ማለቴ አይደለም፤ ጥያቄው የሚጠየቅበት ቦታ ላይ፣ ከገንዘብ ከፋዩ ፊት ለፊት፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው አንድ ወንበር። መስኮቱ ለቆመ ሰው ቁመት ተሠርቶ ከሆነ አንዱን ብቻ ዝቅ አድርጉት። ይህ የማይቻልበት ቢሮ ካለ ደግሞ ጣት የሚያርፍበት ዘንግ በባንኮኒው ጠርዝ ላይ ይሠራ፤ አንድ ብየዳ ቤት በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ቦርሳና ደብተር የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ደፍም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እጇ የተያዘባት ሴት ዘንግ ቢኖርም በምን ትነካዋለች?

ወንበሩ ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ አይጻፍበት። እናቴን አውቃታለሁ፤ «ለአረጋውያን» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት አትቀመጥበትም። የሚመጣው ሁሉ ይቀመጥበት፤ ነፍሰ ጡሯም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ ከሌሊት ተረኝነት የመጣውም።

የአጠያየቁን ቅደም ተከተል ደግሞ ሥልጠና ስትሰጡ ጨምሩት። የምስጢር ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የእናት ሙሉ ስም፣ ሒሳቡ የተከፈተበት ዓመት፣ ስልክ ላይ የመጣው አጭር ቁጥር፤ እነዚህን መጠየቅ ግዴታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገንዘባቸውን የሚጠብቅላቸው እሱ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን «እማማ፣ ይቀመጡ» በሉ። አንድ ጠይቃችሁ መልሱን ጠብቁ፤ መልስ ሲፈልጉ ሁለተኛ ጥያቄ አትጨምሩባቸው። ፊርማ ሲያስፈርሙም እንዲሁ፤ የድሮ ፊርማን አስመስሎ መፈረም ለሚንቀጠቀጥ እጅ ከባድ ሥራ ነው፤ ቆሞ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ጨርሰው ሲሄዱ አንድ ነገር ብትረሱ ከኋላቸው አትጥሯቸው። አንገትና ወገብ በድንገት ሲዞር፣ አእምሮ ደግሞ «ምን ረሳሁ?» ብሎ ሲፈልግ እግር ብቻውን ይቀራል። ተነሥታችሁ ፊት ለፊታቸው ድረሱ።

በጤና ጣቢያ ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ የምለው ለየት ይላል። ወድቆ የመጣን አረጋዊ ግፊቱንና ስኳሩን ለክተን ስንሸኝ ኖረናል። ከዚያ በተጨማሪ አብራችሁት በኮሪደሩ ሂዱና «ትናንት ምን በሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቆሞ ይመልስ እንደሆነ እዩ። ግድግዳ አጠገብ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ቆሞ ወደ ኋላ እንዲቆጥር አድርጉ። ከ7 ይልቅ 3፣ 3 መቀነስ ለብዙዎች ይበቃል፤ ላልተማሩት ደግሞ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ማስጠራት ይቻላል። ከተንገዳገደ መድኃኒቶቹን፣ ዓይኑን፣ የእግሩን ስሜት እንደገና ተመልከቱ፤ የሚዛንና የጡንቻ እንቅስቃሴም አስጀምሩት። እንቅስቃሴ መውደቅን እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው።

ልጆቻቸው ደግሞ፣ በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከሮም የምትደውሉ፣ ስልኩን እናታችሁ እየሄደች እንደምታነሣው አስቡ። ድምፃችሁን ስትሰማ ትነሣለች፣ ትንጎራደዳለች፣ ያኔ የገንዘብ መላኪያውን ቁጥር ትነግሯታላችሁ፤ እሷም በአንድ እጇ ስልክ ይዛ በሌላው እስክሪብቶ ትፈልጋለች። ከሰላምታው ቀጥሎ «ተቀምጠሻል?» በሏት። እኔም ይህን የጀመርኩት እሷ ከወደቀች በኋላ ነው።

ነገሩ የአንዲት እናት ብቻ አለመሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች ይናገራሉ። በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። ከሚሞቱት ብዙውን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ናቸው። እናቴ በአንጓዋ ተረፈች። ዳሌ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ይሆን ነበር። በሥራዬ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ ያልተነሡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ወገባቸው ቆስሎ፣ ሳንባቸው ታምሞ፣ ከወደቁበት ቀን በኋላ አንድም ቀን ደጃቸውን ሳያዩ የሄዱ አሉ። እንዴት እንደወደቁ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ሲጠሩኝ ዞር ስል»፣ «ቁልፉን የት እንዳደረግኩ ሳስብ»፣ «ስልክ ሳነሣ» የሚል ነው።

ወረፋው ይረዝማል የሚል መልስ እንደምሰማ እገምታለሁ። አንድ ሰው ለመቀመጥ የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ቶሎ ያስታውሳል፤ በ1985ቱ ጥናት ወጣቶቹ እንኳ ተቀምጠው ነው የተሻለ ያስታወሱት። እናቴ የወደቀች ቀን ያ መስኮት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተዘግቶ ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታዋን ልታወጣ አብሬያት ሄድኩ። ያው ቅርንጫፍ፣ ያው መስኮት፤ ልጁ ሌላ ነው። ደብተሯን ተቀብሎ የምስጢር ቁጥሯን ጠየቃት። እናቴ እጇን ባንኮኒው ላይ አኖረችና «ቆይ ልጄ፣ ልቀመጥና ልንገርህ» አለችው። ዙሪያዋን አየች። ጥበቃው አወቃት መሰለኝ፣ የራሱን ወንበር ከበሩ አጠገብ አንሥቶ አመጣላት። ተቀምጣ ቁጥሩን ሳትሳሳት ነገረችው። ጥበቃው ወንበሩን መልሶ እስኪወስድ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በመስኮቱ ፊት ለደንበኛ የሚሆን ወንበር እስከዛሬ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ፊዚዮቴራፒስት
አዲስ አበባ